በደሴ ጉልበት ልክ

ሚኒባሱ ከይፋግ ወጥቶ የወረታን አስፋልት ሲይዝ በላቸው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ውሃውን ያያል። ውሃው ደግሞ ይሉኝታ የለውም፣ ይጎድላል። ትናንት አጥሩን የዋጠው ዛሬ አጥሩን ተፍቶታል፤ ትናንት የሩዙን ጫፍ ብቻ ያሳይ የነበረው ዛሬ ወገቡን አሳይቷል። በዚያ ክረምት፣ በ2012 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ርብና ጉማራ ገንፍለው የፎገራን ሜዳ የጣና ታናሽ ወንድም አስመስለውት ነበር። አገሩ በሙሉ "ምነው በጎደለልን" እያለ ሲሳል፣ "እባክህ ትንሽ ቆይ" ብሎ ውሃ የሚለምን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ይኸው የወንዝ ማዶ ቀበሌው ጀልበኛ፣ በላቸው ነው።

ከጎኑ ጋሽ ደሴ ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ከሚባል ተሰቅለዋል ቢባል ይሻላል፣ እግራቸው ወለሉን አልነካም። ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ ወፍራም ሶል ያለው አዲስ የጎማ ቦቲ ተጫምተዋል፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ዘመኑ የኮሮና ዘመን ነው። ያን ዘመን ላላየ ሰው መንገር ያስፈልጋል፤ ሰውና ሰው ሲገናኝ አይሳሳምም፣ በክርን ይገፋፋል። መኪና በግማሽ ሰው ይሄድና የሙሉ ሰው ሂሳብ ይቀበላል። ማስክ የሚባለው ጨርቅ ደግሞ ፖሊስ ያለበት መታጠፊያ ላይ ወደ አፍ ይወጣል፣ ፖሊሱ ሲታለፍ ወደ አገጭ ይወርዳል። ኮሮና አገጭ የሚይዝ በሽታ ቢሆን ኖሮ በዚያ አገር አንድ ሰው አይታመምም ነበር።

"ምን ይታይሃል እዚያ?" አሉ ጋሽ ደሴ።

"ውሃውን።"

"ስንት ደርሷል?"

የበላቸው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ወንዝ ማዶ ላይ ሕፃን አዋቂው የሚመልሰው አንድ ዓይነት ነው፤ "ከደሴ ባት በላይ፣ ከደሴ ጉልበት በታች" ይባላል። ታዲያ ባለ ጉልበቱ ፊት እንዴት ይነገራል?

"ደህና ነው" አለ።

በላቸው ሲፈጥረው የሚናገረው ትንሽ ነው። በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ማታ ጉሮሮውን ያመዋል ይሉታል። በቤቱ የሚነገረውን ሁሉ የምትናገርለት ሚስቱ አገኘሁሽ ናት፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያም የሚሆነው የተስማማ ጊዜ ነው።

የጉልበቱ ነገር የተጀመረው በ1998ቱ ጎርፍ ነበር። ያኔ ከወረዳ ደውለው "ውሃው ምን ያህል ጥልቀት አለው?" ብለው ጠየቁ። በቀበሌው ሜትር የሚባል ዕቃ አልነበረም። የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር በመስኮት ቢያይ ደሴ ውሃ ውስጥ ቆመው በግ ሲያወጡ አየ። "ከአቶ ደሴ ጉልበት አንድ ስንዝር ይበልጣል" ብሎ ጻፈ። ወረዳው ደሴ ማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ የእርዳታ ስንዴ ላከ። ከዚያ ወዲያ ማን ሜትር ይገዛል? በየክረምቱ ወንዝ ማዶ የሚለካው በደሴ ሆነ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው እንኳ መጀመሪያ እግራቸውን አይቶ ነው ጤና የሚላቸው። ይኸ ነገር ሰው ያሳብዳል። ከሦስት ዓመት በፊት ጓዛቸውን ጠቅልለው ይፋግ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ይፋግ ላይ ማንም በማንም እግር ውሃ አይለካም።

አሁን ግን በላቸው ያለ እኒያ እግሮች ጀልባዋን ያጣል።

ጀልባዋ የብረት ናት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች። ሰኔ ላይ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አምጥቶ ለቀበሌው አስረከባት። በላቸው ዕድሜውን ሙሉ በደንገል ታንኳ የቀዘፈ ሰው ነው። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ እየጠጣች በጥቂት ወር ትበሰብሳለች፤ አንዷን ሠርቶ ሳይጨርስ አንዷ ትሰምጣለች። ይህችን ጀልባ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀበሌው ቀዛፊ ደመወዝተኛ የሚቀጥርበት በጀት የለውም፤ ስለዚህ ውል ተጻፈ። በላቸው ከሐምሌ አንድ እስከ መስከረም አሥራ ሰባት፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሕመምተኛውን፣ ወላዷን፣ ቄሱንና ገበያተኛውን ያለ ክፍያ ያሻግራል። ይህን ከፈጸመ ጀልባዋ የእሱ ናት። ውሉ ከመስቀል በፊት ከተቋረጠ ግን ጀልባዋ ወደ ቀበሌው ትመለሳለች፣ የቀዘፈው ሁሉ በከንቱ ቀረ ማለት ነው። ስድስተኛው አንቀጽ ደግሞ "ውሃው ከሰው ጉልበት በታች ሲወርድ ቀበሌው ውሉን ከጊዜው በፊት ማቋረጥ ይችላል" ይላል። ይህ ሲነበብለት በላቸው በመስኮት የጀልባዋን ቀለም ያይ ነበር። ፈረመ።

ስልሳ ቀን ያህል ቀዘፈ። ሦስት ወላድ አሻገረ፣ አንዷማ ውሃው መሀል ላይ ወልዳ እዚያው ለልጁ ስም አወጡለት። ከዚያ ነሐሴ ሠላሳ ቀን ሊቀመንበሩ አቶ ሰውመሆን ጥላውን ዘርግቶ ውሃው ዳር መጣ።

"በላቸው፣ ላደረግከው አገልግሎት ቀበሌው እጅግ ያመሰግንሃል" አለ።

ባለሥልጣን ከመሬት ተነስቶ ሲያመሰግን አንድ ነገር እንዳለው አገኘሁሽ ወዲያው ገባት። በላቸው ግን "እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

"ውሃው ከጉልበት በታች ወርዷል። ውሉ ተቋርጧል። እስከ ጳጉሜን ሁለት ጀልባዋን አስረክብ።"

"በማን ጉልበት?" አለች አገኘሁሽ።

"በእኔ ነዋ" አለ ሊቀመንበሩ። ሰውዬው ረጅም ነው፣ ያውም የባሕር ዛፍ ረጅም። የእሱ ጉልበት የሌላ ሰው ወገብ ነው። በዚያ ላይ ጀልባዋን ለምን እንደፈለጋት መንደሩ ያውቃል። ሚስቱ ራሷ ውሃ ስትቀዳ "ለላሞቻችን ጥሩ ገንዳ አገኘን፣ ሰማያዊ" ብላ አውርታለች።

ሃያ ቀን ሲቀር ነው እንግዲህ። ሃያ ቀን።

አገኘሁሽ ነጠላዋን አመሳቅላ አስራ ጀልባዋ ውስጥ ገባችና ተቀመጠች። "ሂድ ወረታ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ። እኔ ከዚህች አልወርድም" አለች። እናም አልወረደችም።

ወረታ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት አቶ ዓለምብርሃን ጃንጥላቸው ሥር ተቀምጠው ነበር። ድሮ የችሎት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። በሁለት ሜትር ርቀት ሕግ ምክንያት ባለጉዳዩን ከመንገዱ ማዶ ያስቀምጡታል፣ ከዚያ ጮክ ብለው ያነጋግሩታል። ስለዚህ የበላቸውን ውል ሲያነቡ ባጃጅ ተራው በሙሉ አዳመጠ። ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ አንዱ ባለ ባጃጅ "በልተውሃል" አለ።

"ዝም በል አንተ" አሉ አቶ ዓለምብርሃን። "ስማ በላቸው። አትፈርም፣ አትሳደብ፣ ጀልባዋን አትልቀቅ። የሚሉህን ሁሉ በጽሑፍ ስጡኝ በል። አሁን ንገረኝ፣ 'ከሰው ጉልበት በታች' ይላል። የትኛው ሰው? እዚያ አገር ውሃ በማን ነው የሚለካ?"

"በጋሽ ደሴ።"

"እኮ፣ ደሴ ረጅም ናቸው አጭር?"

በላቸው እጁን ዘርግቶ የእግራቸውን ቁመት ከመሬት አሳየ። ባጃጅ ተራው ሳቀ። አቶ ዓለምብርሃን ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ይህን የሚያደርጉት ደስ ሲላቸው ነው።

"ውሉ ዝም ካለ የአገሩ ልማድ ይጠየቃል። ሰውዬውን አምጣቸው። ዛሬውኑ። ውሃው ቀጠሮ አይሰጥህም።"

እንዲህ ሆነ በዚያው ቀን ይፋግ የገባው። አገኘሁሽ እንዲህ በል፣ እንዲህ ብለህ ለምን ብላ በስልክ ያስጠናችውን ጋሽ ደሴ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ረሳው። ቆመ። ጋሽ ደሴም ቆሙ። ነገሩን በስድስት ቃል ነገራቸው።

"በአገሩ ሁሉ ጉልበት ያለው ሰው ጠፋ?" አሉ ጋሽ ደሴ ፊታቸው ጠቁሮ። "ሊቀመንበሩ ጉልበት የለውም?"

"የእሱ ረጅም ነው።"

ይህ መባል ያልነበረበት ቃል ነበር። ጋሽ ደሴ በሩን ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱ። በላቸው ያን ጊዜ፣ ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም፣ "ረጅምማ ሞልቷል። አገሩ የሚያምነው ግን የእርስዎን ነው" አለ።

በሩ አልተዘጋም። ጋሽ ደሴ ወደ ውስጥ ገብተው ሳጥን ሲከፍቱ ተሰማ። ኮቱን ያወጡት ያን ጊዜ ነው። ቦቲውንም።

ወረታ መገንጠያው ላይ ማስካቸውን ወደ አፋቸው አወጡ፣ ፖሊሱን አለፉ፣ አወረዱ። ከዚያ ባጃጅ ይዘው የጠጠሩ መንገድ ውሃ ውስጥ እስከሚገባበት ድረስ ሄዱ። በላቸው መንገዱን ሙሉ ቦቲውን ያይ ነበር። ሶሉ ሁለት ጣት ይሆናል፣ ጉልበታቸውን ያን ያህል ከውሃው ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ጣት ለሌላ ሰው ሁለት ጣት ነው፤ ለበላቸው ግን ጀልባ ነው።

"ጋሽ ደሴ" አለ በመጨረሻ። "ቦቲውን ያወልቃሉ አይደል? ውሃ ይገባበታል።"

"ያለ ጫማ ሕዝብ ፊት አልቆምም" አሉ። ነገሩ ተዘጋ።

ውሃው ዳር መንደሩ ግማሹ ወጥቷል። ጀልባዋ ግራሩ ሥር በበሬ ጠፍር ታስራለች፤ አገኘሁሽ ሦስተኛ ቀኗን ውስጧ እንደተቀመጠች ነው። ሊቀመንበሩ ጥላውን ይዞ ቆሟል፣ ጫማው ተወልውሏል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ቤዛም መዝገብ አቅፋ መጥታለች። ቤዛ ከሌላ ዞን ተመድባ የመጣች፣ ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት።

"ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ሊቀመንበሩ ወደ ታች እያየ።

"ልኩ መጣ" አለች አገኘሁሽ። ጋሽ ደሴ አሳላቸው። "ጋሽ ደሴ መጡ ማለቴ ነው። ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።"

በላቸው ከኪሱ አቶ ዓለምብርሃን የጻፉለትን ማመልከቻ አውጥቶ ለቤዛ ሰጣት። ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች። "ደሴ ሰው ናቸው?"

ሁሉም ዞረው አዩአት።

"የጎርፍ ሪፖርቱ ፋይል ላይ ከ1998 ጀምሮ 'ከደሴ ጉልበት በላይ፣ ከደሴ ጉልበት በታች' ይላል። እኔ እኮ ደሴ የሚባል የአካባቢው መለኪያ መስሎኝ ነበር፣ እንደ ጥማድ። ለዞኑም ሳስረዳ አንድ ደሴ በግምት ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ነው ብዬ ጽፌያለሁ።"

ጋሽ ደሴ ኮታቸውን አስተካከሉ። ዞን ድረስ መታወቃቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነበር።

"ያ ያለፈ ነገር ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "አሁን ውሉ 'ሰው' ነው የሚለው። እኔም ሰው ነኝ።"

ቤዛ መዝገቡን ገለጠች። "ነሐሴ አሥራ አምስት እርዳታ ሲጠየቅ የተጻፈው ይኸውና። 'ውሃው ከደሴ ጉልበት በላይ በመሆኑ ሕዝቡ ተቸግሯል።' ፊርማው የእርስዎ ነው፣ ማኅተሙም።"

ሽማግሌዎቹ "እህ" አሉ። በዚያ አገር ሽማግሌ "እህ" ካለ ፋይሉ ተዘግቷል።

"ይለካ" አለ ሊቀመንበሩ ጥርሱን ነክሶ። "ይለካና እንገላገል። ግን ባለ ውሉ ብቻ ይናገር። ሴትዮዋ ዝም ትበል፣ ውሉ ላይ ስሟ የለም።"

ይህ አገኘሁሽን ሳይሆን በላቸውን ነው የመታው። ሰውዬው ሚስቱን ዝም ካሰኙበት ምን ቀረው?

ጋሽ ደሴ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ከነቦቲያቸው ገቡ። ቤዛ አጎንብሳ አየች። የጉልበታቸው ሎሚ ከውሃው በላይ ነው። ከፍ ያለው አንዲት ጣት ብቻ ናት፣ ግን ከፍ ብሏል።

ሁለቱ የሶል ጣቶች። በላቸው ዓይኑን ጨፈነ።

"ከጉልበት በታች" አለ ሊቀመንበሩ በዝግታ፣ እንደ ማር እያጣጣመ። "ቤዛ፣ ጻፊ። በእሳቸውም ተለክቶ ከጉልበት በታች።"

ቤዛ ብዕሯን አወጣች። በላቸው ዓይኑን ሲገልጥ ዓይኑ ያረፈው እዚያው ጉልበት ላይ ነበር። ከአንድ ጣት ያነሰ መሰለው። እንደገና አየ። አዎ፣ ግማሽ ጣት ነው። ውሃው ጨምሮ አይደለም። ጋሽ ደሴ የቆሙት ዋልካ በሚባለው ጥቁር ጭቃ ላይ ነው፤ የፎገራ ዋልካ ደግሞ የቆመበትን ሰው ቀስ አድርጎ ይቀበለዋል። ያ ከባድ ቦቲ ይዟቸው እየወረደ ነው። የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜ የሚገኘው ደግሞ በወሬ ነው።

በላቸው አንድ እርምጃ ወደ ሊቀመንበሩ ቀረበ።

"ሰላም እኮ አልተባባልንም" አለ።

አገኘሁሽ ጀልባዋ ውስጥ ቀና ብላ አየችው።

"ምን?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ሰላም። ይህ ኮሮና ከመጣ ወዲህ ክርን ገፍትሮ ማለፍ ሆነ እንጂ ሰላምታው ቀርቷል። ጋሽ ሰውመሆን፣ እንዴት ሰነበቱ? ደህና ነዎት?"

ሽማግሌዎቹ ወደ ሊቀመንበሩ አዩ። የሰላምታ መልስ መከልከል አይቻልም። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

"ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ትልቋ ጎንደር ናት አሉ፣ ደህና ናት? እናትዎስ፣ ያ የወገባቸው ነገር ተሻላቸው?"

"ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና..."

"ከብቶቹስ? ቡሬዋ ወለደች? ያቺ ቀንደ ጎባጣዋስ፣ ወተቷ ተመለሰ?"

ሊቀመንበሩ ሳያስበው "ቡሬዋ ጥጃ ሞተባት" አለ፣ ድምፁም ትንሽ ራደ። በላቸው ስለ ጥጃው አጽናናው፣ የሞተበትን ሰዓት ጠየቀ፣ በየትኛው ወገን ጋደም ብሎ እንደሞተ ጠየቀ፣ የራሱ አባት በደርግ ጊዜ የሞተባቸውን ጥጃ አነሳ፣ ያን ጥጃ ከነእናቱ፣ ከነአያቱ ተረከ። በዕድሜው ያልተናገረው ሁሉ ያን ቀን ወጣ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ "እውነት ነው" አሉ። ቤዛ አንድ ጊዜ ወደ ጋሽ ደሴ ጉልበት አየች፣ አንድ ጊዜ ወደ በላቸው፣ ከዚያ ብዕሯ ቀለም እንደጨረሰባት ሁሉ ታራግፈው ጀመር።

"አንተ ልጅ" አሉ ጋሽ ደሴ ከውሃው። "እግሬ ቀዘቀዘ።"

"አይነቃነቁ ጋሼ፣ ልኩ ይበላሻል። ለመሆኑ እርስዎስ ይፋግ እንዴት ነው ኑሮው? ልጅዎ ደህና ናት?"

"በቃ" አለ ሊቀመንበሩ። "ምንድን ነው ይኸ? ጻፊ ብያለሁ። የት ደርሷል ጉልበቱ?"

"ከዚህ በደንብ አይታይም" አለች ቤዛ። "ቀርበው ቢያዩት ይሻላል።"

ሊቀመንበሩ ጥላውን ለአንዱ ሽማግሌ አስይዞ፣ ከነተወለወለ ጫማው፣ በሦስት እርምጃ ገባ። ደርሶ አጎነበሰ። የጋሽ ደሴ ሎሚ የለም። ውሃው ሸፍኖት ወደ ጭናቸው ሊወጣ ነው።

"ሰምጠው ነው" አለ። "ውሃው አልጨመረም፣ ሰውዬው ናቸው የሰመጡ።"

"ውሉ ስለ መስመጥ አይናገርም" አለ በላቸው። "ውሃው ከጉልበት በታች ወርዷል ወይስ አልወረደም? እሱን ብቻ ነው የሚጠይቅ።"

"ይህ ማጭበርበር ነው። እንዲያውም..." ሊቀመንበሩ ወደ ዳር ሊመለስ ግራ እግሩን ሳበ። ግራ እግሩ አልመጣም። ቀኙን ሲስብ ግራው ይብስ ወረደ። ረጅም ሰው ከባድ ነው፤ ዋልካም ሲወደው ፈጥኖ ነው የሚወደው። ታግሎ ታግሎ ቀና ሲል ውሃው ከሱሪው ጉልበት በላይ ነበር።

ቤዛ ወደ ውሃው ዳር ቀርባ አጎንብሳ አየች።

"እንግዲህ በእርስዎም ጉልበት ቢለካ ከጉልበት በላይ ነው" አለች ቤዛ፣ በጣም በትሕትና።

"በላቸው" አለ ሊቀመንበሩ። "ጀልባዋን አምጣ።"

በላቸው ወደ ጀልባዋ አየ፣ ወደ ሊቀመንበሩ አየ። "እስከ ዛሬ አስረክብ ብለውኛል። ካስረከብኩ የቀበሌ ንብረት ናት፣ ሳይፈቀድልኝ አልነካም። ካላስረከብኩ ደግሞ ውሌ አለ ማለት ነው። የቱ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡኝ።"

"እዚህ? ጭቃ ውስጥ?"

"እኔ ቸኩዬ አይደለም" አለ በላቸው።

ድርድሩ ረጅም አልነበረም፤ የሚሰምጥ ሰው አያረዝምም። ቤዛ ግራሩ ሥር ተቀምጣ መዝገቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ጻፈች። ውሃው ቢኖርም ባይኖርም ውሉ እስከ መስከረም አሥራ ሰባት ይቀጥላል። ሊቀመንበሩ ሰምጦም ቢሆን ሊቀመንበር ነውና አንድ ነገር አስገባ፤ በላቸው ከጠዋት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ከጀልባዋ አይወርድም፣ አንዲት ቀን፣ አንዲት ሰዓት ቢጠፋ ውሉ ፈርሶ ጀልባዋ ትወሰዳለች። "ውሃ ሳይኖር ሃያ ቀን ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ አያሳልፍም" ብሎ አስቦ ነው፣ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

"ሌላ የሚጨመር አለ?" አለች ቤዛ።

"አለ" አሉ ጋሽ ደሴ። ውሃው ኮታቸው ጫፍ ደርሷል። "'መካከለኛ ቁመት ባላቸው በአቶ ደሴ' ተብሎ ይጻፍ። ካልተጻፈ ከዚህ አልወጣም፣ ምስክርም አልሆንም።"

ሊቀመንበሩ ከወገቡ በታች የቆሙትን ሰው ቁልቁል አያቸው። ሊናገር አፉን ከፈተ። ትንሽ ወረደ። "ይጻፍ" አለ።

ማኅተሙ በደረት ኪሱ ነበር፣ ለዚያ እግዜር ይመስገን። አተመ፣ ፈረመ። ከዚያ በላቸውና አገኘሁሽ ጀልባዋን አስጠግተው መጀመሪያ ጋሽ ደሴን አወጡ፣ እሳቸው ቀላል ናቸው፤ ከነቦቲያቸው ወጡ። ሊቀመንበሩን ለማውጣት አራት ሰው አስፈለገ። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ።

ውሃው በአራት ቀን ውስጥ ጠፋ። በእንቁጣጣሽ ልጆች አደይ ይዘው በእግራቸው ጀልባዋን ዞረው አለፉ። በላቸው ግን ጎህ ሲቀድ መጥቶ፣ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በደረቅ ሜዳ መሀል ጀልባዋ ውስጥ ይቀመጣል። ገበያተኛው "ያሻግሩናል ካፒቴን?" ይለዋል። እሱ ደግሞ ውሉ ስለሚያስገድደው "ግቡ" ይላል። ገብተው ትንሽ ተቀምጠው፣ አመስግነው፣ በሌላው ወገን ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ። አንዳንዱ "እግሬን ላሳርፍ" እያለ ሲመለስም ይገባል። አገኘሁሽ ምሳ ታመጣለት ነበር፣ አብራው ተቀምጣ የቀኑን ወሬ ትነግረዋለች፣ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። የወሬው ኮታ ያለቀበት ይመስል ነበር። ሊቀመንበሩ በቀን ሁለት ጊዜ በሩቅ እያለፈ ያያል። አንድ ቀን ዝናብ ጣለ፣ በላቸው ተቀምጦ በሰበሰ። አንድ ቀን ሆዱን አመመው፣ እዚያው ተኛ። አልጠፋም።

መስከረም አሥራ ሰባት ከሰዓት በኋላ ደመራው ከተቃጠለ ቆይቷል፣ ሕዝቡ ወደየቤቱ ገብቷል። ሊቀመንበሩ ቤዛን አስከትሎ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ የርክክብ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

"በላቸው፣ በቃ፣ አልቋል" አለ። "ያው፣ የሰው ስሜት አለኝ፣ በዓልም ነው። ና ውረድ፣ ፈርምና ውሰዳት። እኔም ቤት እንግዳ ይጠብቀኛል።"

በላቸው ወደ ጣና በኩል፣ ወደ ፀሐይዋ አየ። ለመጥለቅ ገና ሁለት ዘንግ ያህል ቀርቷታል።

"ውሉ እስኪመሽ ነው የሚል" አለ። ከዚያ ትንሽ ጠጋ ብሎ፣ አጠገቡ ያለውን ወንበር በመዳፉ ጠረገ። "ይቀመጡ ጋሼ።"

ሊቀመንበሩ ወደ ቤዛ ዞረ። ቤዛ መዝገቡን ገልጣ አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬው ረጅም እግሩን አጥፎ ጀልባዋ ውስጥ ገባ፤ ቤዛም ከኋላ ተቀመጠች፤ ሦስቱም ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጠበቁ።